በከፍታ ላይ የሚያፈስ ሞተር

ደምበጫ ላይ የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትርን አለፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ 92 ገደማ። ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ይህ የማገዶ ጉዳይ ነው። ለአሮጌ መኪና ግን የሞት የሽረት ጉዳይ ይሆናል፤ ጤነኛ የላዳ ሞተር እንኳ ዳገት ላይ ሲሠራ ውሃው 90ን ያልፋል። ሞተሩ ምንም ሳይታመም የመፍያው ጫፍ ላይ ቆሞ ነው የሚውለው።

ውሃ የሚያፈስ መኪና ወደ ጋራዣችን ሲመጣ ባለቤቱ የሚያስበው ስለሚጎድለው ውሃ ነው። "ትንሽ ነው፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ሃይላንድ ብጨምርለት ይበቃዋል" ይላል። እኔ የምጨነቀው ስለሚያመልጠው ግፊት ነው። የላዳ ራዲያተር ክዳን ውስጡ በሞላ የሚገፋ ቫልቭ አለው። ውሃው ሞቆ ሲሰፋ ቫልቩ እስከ ግማሽ ባር ድረስ አፍኖ ይይዘዋል፤ ከዚያ ካለፈ ጎን ወዳለችው ትንሽ የፕላስቲክ ገንዳ ያስተነፍሰዋል። በግማሽ ባር የታፈነ ውሃ ደብረ ማርቆስ ላይም ቢሆን 106 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይፈላም። እንግዲህ ያ ክዳን ለሞተሩ 14 ዲግሪ ያህል መተንፈሻ ሰጥቶታል ማለት ነው። ጠብታ እንኳ የማታሳይ፣ እንፋሎት ብቻ የምታስወጣ የመርፌ ቀዳዳ ይህን ሁሉ ትወስደዋለች። ሃይላንዱ ውሃውን ይመልስ ይሆናል፤ ግፊቱን ግን አይመልስም።

ይህን ለማመን የዓባይን ዳገት ማየት ይበቃል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ጎሐ ጽዮንን አልፎ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ታች ቆላው ላይ ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ዳገቱ ሲጀመር ሞተሩ እየጋለ ይሄዳል፣ ከፍታው ሲጨምር ደግሞ ውሃው የሚፈላበት ሙቀት እየወረደ ይመጣል፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የሚንፏቀቅ መኪና ራዲያተሩን የሚያበርድለት ነፋስ ከቬንትሌተሩ በቀር የለውም። ግፊት የማይዝ ከሆነ ደጀን ሳይደርስ ያፈላል። የባሰው ጥፋት የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፦ ሾፌሩ ተጣድፎ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይገለብጥበታል። ሞተሩ ይነሳለታል፣ ደስ ብሎት ይነዳል፤ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እኛ ጋ ሲደርስ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተጣሟል።

እጄ በብዛት የለመደው የላዳ ሞተር ነው። ሶቪየት ኅብረትና ፊያት እ.ኤ.አ. በ1966 ተዋውለው፣ በ1970 ከቶልያቲ ፋብሪካ መውጣት የጀመረው የመጀመሪያው ላዳ ከፊያት 124 የተቀዳ ነው፤ ካምሻፍቱ ግን ከብሎኩ ወጥቶ ቴስታታው ላይ ተቀምጧል። በደርግ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ የአዲስ አበባን ሕዝብ ሲያመላልስ ኖረ። አንዳንዱ በእድሜው መጨረሻ ወደ እኛ ወጥቷል። ብሎኩ ጊዛ የሚባለው ብረት ነው፣ ቴስታታው አልሙኒየም። አልሙኒየም ሲሞቅ ከጊዛ እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ በሁለቱ መካከል ያለችው ጓርኒሲዮን ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይህን መሳሳብ ተሸክማ ትኖራለች። ለዚህ ነው ላዳ አንዴ እንኳ ክፉኛ ካፈላ ዝም ብዬ የማላሳልፈው።

ኮፈን ከመክፈቴ በፊት ባለቤቱን እጠይቃለሁ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ላዳቸውን ይዘው መጡ። ውሃ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። ከዚያ በፊት ያዩላቸው ሰዎች ቴስታታው ይነሳ ብለዋቸዋል።

"ጋሼ፣ መስታወቱ በውስጥ በኩል ጉም ይይዝብዎታል?" አልኳቸው።

"ይይዛል እንጂ ልጄ! ጠዋት ጠዋት በጨርቅ እየጠረግሁ ነው የምነዳው። ክረምቱ ነው ብዬ ትቼው።"

የተሳፋሪውን ምንጣፍ ገለጥን። ሥሩ ረጥቧል፤ ጣቴን ነክሬ ሳወጣው ያጣብቃል፣ ጣፈጥ ያለ የኩላንት ሽታ አለው። የጋቢና ማሞቂያው ቧንቧ ነው፤ ላዳ ላይ የታወቀ በሽታ። ውሃው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ጋቢና ይፈስሳል፣ ምንጣፉ ይመጠዋል፣ መሬት ደረቅ ይሆናል። ቧንቧውን ለወጥን፣ ቴስታታው ሳይነካ ቀረ።

ጥያቄው ካላወጣው ወደ ዓይን እሄዳለሁ፤ ያውም ሞተሩ ቀዝቅዞ ደርቆ ሳለ። የጋለ ሞተር ላይ ጠብታው ወዲያው ስለሚተን ምስክር አይገኝም። አድሮ የቀዘቀዘ ሞተር ላይ ግን ውሃው የሄደበት መንገድ ደርቆ ተስሎ ይገኛል፦ ተራ ውሃ ከሆነ የዝገት ቀለም ወይም ነጭ የኖራ መስመር፣ ኩላንት ከሆነ አረንጓዴ ቅርፊት። መስመሩን ወደ ላይ መከተል ነው። ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ የሚወጣበት አይደለም፤ ቬንትሌተሩ እየበተነ፣ ነፋሱ ወደ ኋላ እየወሰደ ሌላውን ያስወነጅላል። የጎማ ቱቦዎቹን ጫፍ ከፋሼታው ሥር እመለከታለሁ። ፋሼታ ካቻቢቴ በያዘ ሁሉ ሲጠብቅ ስለሚኖር ጎማውን ቆርጦ ገብቶ አገኘዋለሁ፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ማጥበቅ ይብስበታል። ከዚያ እጄን ወደ ውሃ ፓምፑ ሆድ እሰዳለሁ። ከዘንጉ ሥር አንዲት ሆን ተብላ የተበሳች ቀዳዳ አለች። የፓምፑ ሲል ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ሳይገባ በዚያች እንዲወጣ ነው የተሠራችው። ከዚያች ቀዳዳ ውሃ ከታየ ፓምፑ "ለውጡኝ" እያለ ነው። ቀዳዳዋን በሙጫ ደፍነው የሚልኩ አሉ፤ ውሃው ኩሽኔታውን ይበላና ቬንትሌተሩ ተነቅሎ ራዲያተሩን ይቦድሰዋል፤ በአሮጌው ላዳ ቬንትሌተሩ የታሰረው እዚያው ፓምፑ ላይ ነውና።

ዓይን ያላየውን ግፊት ያሳያል። ለዚህ የሚሸጥ መሣሪያ አለ፤ እኛ ግን ራሳችን ሠርተናል። ያረጀ የራዲያተር ክዳን መሐሉን በስተን፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ቫልቭ በይደንበት፣ የጎማ አየር መለኪያ አያያዝንለት። ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልተን፣ ክዳኑን ገጥመን፣ በብስክሌት መንፊያ እስከ ግማሽ ባር እንነፋዋለን። ከዚያ በላይ መንፋት የደህናውን ራዲያተር ብየዳ መፍታት ነው። ሞተሩ ስላልተነሳ ጋራዡ ጸጥ ይላል፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ የወጣው ውሃ አይተንም። የመለኪያው ቀስት ከቆመችበት ካልተነቃነቀች ችግሩ ክዳኑ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው፣ ብዙ ሞተር ግን የሞተው በክዳን ነው። ቀስቷ እየወረደች ውጭ ምንም ካልታየ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

ያን ጊዜ ካንዴላዎቹን እፈታለሁ። አራቱን በየተራቸው ጨርቅ ላይ እደረድራቸዋለሁ። ሦስቱ ቡናማ ጥላሸት ይዘው አንዱ ታጥቦ ነጭ ብሎ ከወጣ፣ ውሃው የሚገባው ወደዚያ ሲሊንደር ነው፤ እንፋሎቱ አጥቦታል። የዘይቱን መለኪያ መዝዤ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ እንደሆነ አያለሁ። ሌላም ምልክት አለ፦ ሞተሩ ከቀዝቃዛ ተነስቶ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው የላይኛው የራዲያተር ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ድንጋይ ከሆነ፣ ያ ግፊት ከሙቀት የመጣ አይደለም፤ ከሲሊንደሩ የሾለከ ጋዝ ነው። ጓርኒሲዮኗ አልቃለች።

ቴስታታ ማንሳት ሲያስፈልግ ጥድፊያ አያምርም። ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ቡሎን አይነካም፤ የሚፈታው ከዳር ወደ መሐል፣ የሚጠብቀው ከመሐል ወደ ዳር ነው። የተነሳውን ቴስታታ አጽድቼ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁመቱም በአግድሙም አጋድምበታለሁ፤ ብርሃን ካሾለከ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ፦ ብሎኩ ላይ ያሉት የቡሎን ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀመ ውሃና ዘይት። ፈሳሽ አይጨመቅም። ቡሎኑ እዚያ ላይ ሲጠብቅ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ጊዛውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉድጓድ በአየር ይነፋል፣ በጨርቅ ይደርቃል። ማጥበቁም በሁለት ዙር ነው፦ መጀመሪያ ዋናዎቹን አሥር ቡሎኖች በ40 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ቀጥሎ እነዚያኑ ከ95 እስከ 118 ባለው። አሥራ አንደኛዋ ቀጭን ቡሎን የራሷ ልክ አላት፤ እንደ ታላላቆቹ ከተጠበቀች ትበጠሳለች።

አሁን ስለ ቴርሞስታት። በአገራችን ሞተር ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል፤ "የኛ አገር ብርድ የለም፣ ምን ያደርጋል?" ይባላል። ላዳ ላይ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። የላዳ ቴርሞስታት ባለ ሦስት አፍ ነው፤ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን በር ይከፍታል፣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ደግሞ ይዘጋል። የውስጡ ሥራ ከወጣለት አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ይሆናል፣ የጋለው ውሃ ግማሹ ሳይበርድ ይመለሳል። ለማቀዝቀዝ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ ያፈላዋል። ቴርሞስታት ከተጠረጠረ ከቴርሞሜትር ጋር ድስት ውስጥ ከትቶ ማፍላት ነው፤ 80 ዲግሪን አለፍ ሲል መከፈት ካልጀመረ ይለወጥ።

የድሮው ላዳ ራዲያተር የመዳብና የነሐስ ነው፤ ስለዚህ ይበየዳል። ብየዳው የሚይዘው ንጹሕ ብረት ላይ ብቻ ነውና ቀዳዳው ዙሪያ መዳቡ እስኪያበራ ድረስ መፋቅ አለበት። እሳቱም ልክ አለው፤ ሲበዛ ጎን ያለውን ጤነኛ ብየዳ አቅልጦ አንዱን ቀዳዳ ሦስት ያደርገዋል። አሁን በገበያ ያለው አልሙኒየም ከፕላስቲክ ጋር የተነከሰ ነው፤ ሲያፈስ መጣል ነው። መዳቡን ለቁራሌው ሸጠው በአዲስ ሊለውጡ የሚመጡትን አጥብቄ እከለክላቸዋለሁ። ራዲያተር ውስጥ እንቁላል መስበርንም እንዲሁ። እንቁላሉ ቀዳዳውን ለአንድ ቀን ይደፍናል፤ ከዚያ ቀጫጭኖቹን ቧንቧዎች ይደፍናል፣ ያኔ ማፍሰስ ቆሞ ማፍላት ይጀምራል።

ሲሞላ የወንዝና የጉድጓድ ውሃ አላስገባም። ደምበጫ ላይ ውሃ ሞተር ውስጥ በረዶ እስኪሆን ድረስ አይበርድም፣ ስለዚህ ኩላንት የፈረንጅ ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ኩላንት ዝገት ይከለክላል፣ አልሙኒየሙን ከመበላት ያድነዋል፣ የመፍያ ሙቀቱንም ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። አቅም ለሌለው ባለመኪና በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከጉድጓዱ በብዙ ይሻላል፤ ኖራ የለውምና። የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ዞሮ፣ የማሞቂያው ቧንቧ ተከፍቶ፣ ቀስ ተብሎ ይሞላል፤ አለበለዚያ አየር ታፍኖ ይቀራል።

ከዚያ ራሴ ወደ አማኑኤል መንገድ አወጣዋለሁ። የተምጫን ወንዝ ተሻግሮ ያለው ዳገት መኪናን ይፈትናል። በሁለተኛ ማርሽ ይዤው ስወጣ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከፍ ብላ ከቆመች ጥሩ ነው፤ ሳታርፍ ከሄደች እመለሳለሁ። መኪናው ጋራዥ ያድራል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍቼ ውሃው ማታ ከተውኩበት ላይ ካለ ቁልፉን ለባለቤቱ እሰጣለሁ፤ ከጎደለ ያቺን ባለ ቫልቭ ክዳን አምጥቼ መንፋት እጀምራለሁ።