የቃል ሚዛን፦ ሂፕ ሆፕ በገዳሪፍና በመተማ ጆሮ

ስለ ሂፕ ሆፕ ክርክር ሲነሳ «እንደየጆሮው ነው» ተብሎ ይዘጋል። በዚህ አልስማማም፤ ጆሮም ያሳደገው አገር አለው። ከድንበር ከተማችን ከመተማ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ያለው ምድር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ገዳሪፍ ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን ትባል ነበር፤ የሹክሪያ ጎሳ መሪዎች የአቡ ሲን ቤተሰብ ገበያ ማለት ነው። በአጠገቧ የተዘረጋው የቡጣና ሜዳ የዱበይት አገር ነው። ዱበይት አራት ስንኝ በአንድ ቤት መድፊያ የሚገጠምበት፣ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ የሚንቆረቆር የግመል አርቢዎች ግጥም ሲሆን፣ ከዚያው ቤተሰብ የተገኘው አል ሓርደሎ ስመ ጥር ባለቅኔው ነው። ድንበሩን ወደ እኛ ሲሻገሩት ቀረርቶና ፉከራ አለ። ፎካሪው ዘሩን ይጠራል፣ ውሎውን ይቆጥራል፤ አድማጩም ቃሉን እየመዘነ ይፈርዳል። ራፕ ከዚህ ተወለደ አልልም፤ ልደቱ በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ ታሪኩም የጥቁር አሜሪካውያን ነው። ዳሩ ግን «ራፕ ለጆሯችን ባዕድ ነው» የሚለው ክስ በዚህ ምድር አይቆምም። መመዘኛው ቀድሞም ነበር።

በዚያ ሚዛን ስመዝን ምርጫዬ ግልጽ ነው። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ፣ በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት፣ ሱዳናዊው ራፐር አይመን ማው «ደም» የተሰኘ ሥራውን የጦሩን አገዛዝ ለሚቃወመው ሰልፈኛ አሰማ። ሕዝቡ ቃሉን እየተቀበለ ነበር። ኃይሉ ያለው በቅንብሩ ሳይሆን እያንዳንዱ ስንኝ በሚሸከመው ነገር ላይ ነው፤ ከሰማኋቸው የሱዳን ራፖች አንደኛ የማደርገውም ለዚህ ነው።

የአማርኛውን ራፕ ስሰማ ቅር የሚለኝ እዚሁ ላይ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያሳርፍ «መጣሁ፣ ወጣሁ፣ ረታሁ» እያሉ ቤት መምታት አያደክምም። የፉከራ አዋቂ በዚህ አይረታም፤ ቤቱን በስም፣ በቦታ፣ ባልተጠበቀ ቃል ይደፋዋል። ብዙ ራፐሮቻችን ግን የስንኙን ድካም ለአዝማቹ ዜማ ያስረክቡታል። ቴዲ ዮ በ«ጉራጌቶን» ምቱን ከጉራጌ ጭፈራ ጋር ማገናኘቱን እወድለታለሁ፤ ለምቱ የተደረገው ፍለጋ ለቃሉም ቢደረግ ምንኛ በወደድኩ!

ዜማ ድንበር ሲያልፍ አይቸገርም። የሱዳን ድምፃውያን መሐመድ ዋርዲና ሰይድ ኸሊፋ ዐረብኛ በማያውቅ የኢትዮጵያ አድማጭ ዘንድ የተወደዱት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቱ የጋራ ስለሆነ ነው። ራፕ ግን ቋንቋው ካልተሰማ ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ ዐረብኛንም አማርኛንም የሚሰሙ ጆሮዎች ዋጋቸው ትልቅ ነው። እንዲህ ያሉ ጆሮዎች በስደት መንገድ ያድጋሉ፦ በገዳሪፍ ግዛት ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ በ1970ዎቹም በ2013 ዓ.ም.ም የኢትዮጵያ ስደተኞችን ተቀብሏል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሱዳናውያን ጦርነት ሸሽተው በመተማ ገብተዋል። በእነዚህ መንገዶች ያደገ ወጣት የአይመን ማውን ስንኝ ከአማርኛው ራፕ ጎን አስቀምጦ ሲፈርድ፣ ፍርዱን ከስቱዲዮ ባለሙያው ፍርድ አስቀድሜ እሰማለሁ።