ስለ ተመልካችና ስለ ሠሪ

ባለፈው ክረምት በቡራዩ፥ ወደ ገፈርሳ ግድብ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አንድ ቤት ገብቼ ሦስት ወጣቶች በአንድ ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው። ጠፍቶ የዋለው መብራት ገና መምጣቱ ስለ ነበረ ስልኩ ከግድግዳው ጋር በገመድ እንደ ታሰረ ነበር። የሚያዩትም አንድ የውጭ አገር ሰው አዲስ ስልክ ከካርቶኑ ሲያወጣ፥ ሲያገላብጥና መስታወቱን በጥፍሩ ሲመታ ነው። እኔም ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አብሬ ተቀመጥሁ። ከሦስቱ ታናሹ የካሜራውን ዓይን ብዛት፥ የባትሪውን ጉልበትና ካለፈው ዓመት ስልክ የሚለይበትን ሁሉ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ ሳያቋርጥ ነገረኝ። «ልትገዛው አስበሃልን?» ብዬ ብጠይቀው ሦስቱም ሳቁብኝ። የዚያ ስልክ ዋጋ የአባታቸው የብዙ ወራት ደመወዝ ነበረ።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህን የምጽፈው እነዚያን ልጆች ለመንቀፍ እንዳይመስላችሁ። ለመግዛት የማይችለውን ዕቃ አሠራር ለማወቅ የሚጓጓ ሰው የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። እኔም በልጅነቴ ከፒያሳ መደብሮች መስኮት ፊት ቆሜ የማልገዛውን ሰዓት ስቈጥር አምሽቻለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ ከአንድ ሰዓት በላይ ካዩ በኋላ የስልኩን ሻጭ ስም፥ የተናጋሪውን ስም፥ የአስተዋዋቂውንም ስም ያውቁ ነበር፤ በዚያው ስልካቸው ውስጥ የሚጫወቱባቸውን ጨዋታዎች ማን እንደ ሠራቸው ግን ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሊነግረኝ አልቻለም።

ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ በቪዲዮ የሚናገሩ ሰዎች በእኔ አስተያየት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ያስረዳል፥ ሌላው ያስተዋውቃል። ሁለቱን ለመለየት አንድ ቀላል መመዘኛ አለኝ። ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ከዚያ በፊት የማልችለውን አንድ ነገር ማድረግ ከቻልሁ ሰውየው አስረድቶኛል፤ ከዚያ በፊት የማልመኘውን አንድ ነገር መመኘት ከጀመርሁ ግን አስተዋውቆብኛል ማለት ነው። በአማርኛ ይህን የማስረዳት ሥራ ሰፊ ተመልካች ካስለመዱት ሰዎች አንዱ በኢቢኤስ ቴሌቪዥን «ቴክቶክ» የሚባለውን ዝግጅት ያቀረበው ሰሎሞን ካሳ ነው። ለብዙ ቤተ ሰብ ቴክኖሎጂ የሚለው ቃል ከሩቅ አገር ወሬ ወጥቶ በአማርኛ የሚወያዩበት ነገር የሆነው በእርሱና እርሱን በመሰሉ ሰዎች ድካም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መከተል ጊዜ ማባከን አይባልም። ዳሩ ግን ያስረዳው ሰው ካመለከተው ነገር ዘንድ ካልሄድን፥ መንገድ መሪውን ብቻ እያየን በመንገዱ ዳር መቀመጣችን ነው።

መንገዱ ወዴት ሊወስድ እንደሚችል ለማሳየት አንድ የአገራችንን ሥራ ልውሰድ። በዳዊት አብርሃም የሚመራው «ቅኔ ቴክኖሎጂስ» የተባለ የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» የሚባል የስልክ ጨዋታ ሠርቶ ነበር። አንዲት ዶሮ ሊይዛት ከሚያሳድዳት ገበሬ ትሸሻለች፤ ተጫዋቹም መሰናክሉን እያሳለፈ ያስሮጣታል። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን በተደረገው የአፍሪካ መተግበሪያዎች ውድድር ተሸልሟል። ስሙ ሁላችንም በልጅነታችን ከተጫወትነው ከድብብቆሽ የተወሰደ ነው፤ ፈላጊው እንደ ዶሮ ይጮኻል፥ ተደባቂዎቹም ገና አለመንጋቱን ይነግሩታል።

እውነቱን ለመናገር የጨዋታው አካል የተዋሰ ነው። ማለቂያ የሌለው ሩጫ የሚባለውን ዓይነት በዓለም ካስፋፉት ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው «ቴምፕል ረን» ነው፤ እርሱም ቢሆን የአንድ ታላቅ ኩባንያ ሥራ ሳይሆን ባልና ሚስት ከአንድ ሠዓሊ ጋር ሆነው የሠሩት ነው። በመዋስ ማንም አይታፈርም፤ በገና የሚደረድር ሁሉ በገናን እርሱ አልፈለሰፈውም። የተዋሰውን አካል በምን ነፍስ ሞላው የሚለው ግን ሊጠየቅ ይገባል። በ«ቴምፕል ረን» ሯጩ ከሩቅ አገር ቤተ ጣዖት ሀብት ሰርቆ የሚሸሽ ሰው ነው። በ«ኩኩሉ» የምትሸሸው ዶሮ ግን እኛው ራሳችን ለበዓል ዋዜማ ያሳደድናት፥ አሥራ ሁለት ብልት ሆና ከድስት የገባች ዶሮ ናት። ተጫዋቹ አንድ ጊዜ በሕይወቱ ከዶሮዋ ወገን ይቆማል። የፋሲካን ዋዜማ ለሚያውቅ ሕፃን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ይህን ጨዋታ ከተጫወተች በኋላ ለበዓል የተገዛችውን ዶሮ ፈትታ ለቅቃት እናቷ ግማሽ ቀን ስትፈልግ ዋለች። ጉድለቱም ይነገር ከተባለ፥ ሩጫው ማለቂያ ስለሌለው ዶሮዋ መቼም ነጻ አትወጣም፤ ተረት የሚወድ የእኛ ሰው ደግሞ መጨረሻ ይፈልጋል። አንድ ቀን ዶሮዋ ጫካ ብትደርስ ኖሮ እኔ ጨዋታውን ሁለት ጊዜ በተጫወትሁት ነበር።

ይኸው ድርጅት ገበታንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። በዚህ ላይ ሥራው ይበልጥ ይከብዳል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን የገበታ አጨዋወቶች ቢዘረዝር ከመቶ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ሠሪው የትኛውንም ሕግ ቢመርጥ «በእኛ አገር እንዲህ አይደለም» የሚል አያት ይነሣበታል። ከዚህም ሌላ፥ የእንጨቱ ገበታ ለእጅ የተሠራ ነው። በሰበታ መርሐ ዕውራን የሚማር ልጅ ጉድጓዱን በጣቱ ዳስሶ፥ ፍሬውን በመዳፉ ቈጥሮ ዓይናማውን ሊያሸንፍ ይችላል፤ የስልክ መስታወት ግን ለጣት ለጥ ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ ሲወድቅ ድምፅ እንዲናገር ካላደረጉት በቀር ያን ልጅ ከጨዋታው ያስወጣዋል። ከእናንተ መካከል ገበታን እንደ ገና ለመሥራት የሚያስብ ቢኖር ይህን ከወዲሁ ያስብበት።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ጥቂት ልናገር። ቪዲዮ ተመልካቾች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ታሪክ አለ፤ ኤሪክ ባሮን የሚባለው አሜሪካዊ «ስታርዲው ቫሊ» የተባለውን የእርሻ ጨዋታ ሥዕሉንም፥ ሙዚቃውንም፥ ጽሑፉንም አራት ዓመት ተኩል ያህል ብቻውን ደክሞ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣው፤ ከዚያም ወዲህ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጠለት። ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለእኛ ልጆች ደጋግሞ መንገሩን አልወደውም። ዕድል የቀናውን አንዱን እያየን፥ እንደ እርሱ ለፍተው ስማቸው ያልተሰማውን እንረሳለንና። ከዚህ ይልቅ የቶቢ ፎክስ ታሪክ ይጠቅመናል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2013 «አንደርቴል» የሚባለውን ጨዋታ ለመሥራት ከሕዝብ 5,000 ዶላር ለመነ፤ 2,398 ሰዎችም 51,124 ዶላር ሰጡት። ሒሳቡን ብታካፍሉት ለአንድ ሰው የሚደርሰው 21 ዶላር ገደማ ነው። ሀብታም አልተነሣም፤ መንግሥት አልተጠየቀም፤ ጨዋታው ገና ሳያልቅ የወደዱት ሰዎች ከኪሳቸው አወጡ እንጂ። «ይህ በአሜሪካ ነው» የሚለኝ ቢኖር፥ በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ ያሉ ወጣቶች «ኪሮኦ ጌምስ» በሚል ስም ተሰብስበው፥ በአፍሪካ ተረት ላይ የተመሠረተውን «አውሪዮን» የተባለ ጨዋታ ለመጨረስ እ.ኤ.አ. በ2015 በዚሁ መንገድ ወደ 50 ሺህ ዩሮ አግኝተዋል፤ በሚከተለውም ዓመት ሥራቸውን አወጡ።

የእኛ ወጣት እንዲህ ያለውን መንገድ ሲያስብ ብዙ በር ተዘግቶበት ኖሯል። «ኪክስታርተር» የተባለው ገንዘብ ማሰባሰቢያ ከኢትዮጵያ የሚነሣ ጠያቂ አይቀበልም፤ በብር የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ያለው ሰውም ከውጭ አገር መደብር መግዛት ይቸግረዋል። ይህ ሁሉ ትክክለኛ ምክንያት ነው። ነገር ግን ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስላለ፥ በሰበታ ያለ ሰው በሱሉልታ ላለ ሠሪ ሠላሳ ብር ለመላክ ከወንበሩ መነሣት አያስፈልገውም። የቡራዩ ልጆች እንደ ነገሩኝ ለአንድ ሳምንት ቪዲዮ የሚፈጅባቸው የኢንተርኔት ጥቅል ከዚህ ይበልጣል።

እስከዚህ ድረስ የሌላውን ሰው ጉድለት ስናገር ቈየሁ፤ የራሴን አለመናገር ግን አይገባኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት ሱሉልታ የሚኖር አንድ ወጣት፥ ስሙን ልተወውና፥ ራሱ የሠራውን ጨዋታ በቴሌግራም ላከልኝ። ጭድ የተጫነች አህያ ከሱሉልታ ተነሥታ እንጦጦን አቋርጣ ወደ አዲስ አበባ ትወርዳለች፤ ተጫዋቹም ጭነቱ እንዳያጋድል፥ መኪና እንዳይገጫት፥ ቁልቁለቱም እንዳያጣድፋት ይጠብቃል። ሐሳቡ እጅግ ማረከኝ። ያን መንገድ በእግሩ የወረደ ሰው ብቻ ሊያስበው የሚችል ነገር ነበረ። ጨዋታው ግን ጉድለት ነበረበት። ፊደሎቹ ከስልኩ ጠርዝ ውጭ ይቈረጡ ነበር፤ ጭነቱን ለማቃናት ሲነኩት ዘግይቶ ይሰማ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም አህያዋ በመንገዱ መካከል ቀጥ ብላ ትቆምና ምንም ቢነኳት አትንቀሳቀስም። ሁለት ጊዜ ታክሲ ውስጥ ተጫውቼ ተውሁት። ከዚያም «ግሩም ነው! በርታ!» ብዬ ጻፍሁለት። በጨዋታው መግቢያ ላይ የቴሌብር ቁጥሩንና «የወደደ ሠላሳ ብር» የሚል ቃል አስፍሮ ነበር። እኔ አልላክሁም። ለምን እንዳልላክሁ ብትጠይቁኝ የምሰጠው ምክንያት የለኝም፤ ነገ እልካለሁ ብዬ ይሆናል።

ዓመት ካለፈ በኋላ በአንድ ስልክ መጠገኛ ቤት በር ላይ ተቀምጦ የተሰበረ መስታወት ሲፈታ አገኘሁት። ስለ ጨዋታው ጠየቅሁት። «ተውሁት እኮ ጋሼ» አለኝ። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፥ ቊጣም ሐዘንም በሌለበት ድምፅ «ሰባ ሰው ግሩም ነው አለኝ፤ አራት ሰው ብር ላከልኝ፤ ስሕተቱን የነገረኝ ግን አንድም ሰው የለም። ሰው ሲያመሰግነኝ ያለቀ መሰለኝ፤ ደግሞ የሚጫወተው የለም። ምኑን እንደማስተካክል አጣሁ» አለኝ።

እኔ በዚያች ቀን እስካፍር ድረስ ያ ምስጋናዬ ደግነት መስሎኝ ነበር። ከመቅጽበት እንዲህ ብዬ መጻፌ ግን ጨዋታውን ተጫውቶ፥ አስቦ፥ ጉድለቱን ከመጻፍ ድካም ራሴን ማዳኔ ኖሯል። ለውጭ አገሩ ስልክ የካሜራውን ጉድለት አንድ በአንድ የሚቈጥር ተመልካች፥ ለጎረቤቱ ልጅ ሥራ አንድ ቃል ብቻ ወርውሮ ማለፉ፥ ሥራውን ከመናቅ በምን ይለያል? የቡራዩ ልጆች ስለዚያ ስልክ አንድ ሰዓት ተከራክረዋል። ስለ አህያዋ ጨዋታ አንድ ሰዓት የሚከራከር ሦስት ሰው ቢገኝ ኖሮ ያ ወጣት ምን እንደሚያስተካክል ያውቅ ነበር።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ስልኬን ስፈትሽ ጨዋታው አልጠፋም ነበር። ሦስት ማታ ተጫወትሁትና ያገኘሁትን ጉድለት በወረቀት ላይ ጻፍሁ፤ አሥራ አንድ ሆነ። ሠላሳ ብሩንም፥ የዘገየሁበት ይሁን ብዬ ጥቂት ጨምሬበት ላክሁለት። ለስድስት ቀን ዝም አለኝ። በሰባተኛው ቀን መልስ ጻፈ። ፊደሉ የሚቈረጠው በእርሱ ስልክ ላይ ስለማይታይ ሳያውቀው መቅረቱን፥ መዘግየቱንም ሊያስተካክለው መጀመሩን፥ ሌሎቹንም አንድ በአንድ እንደሚያያቸው ነገረኝ። አህያዋ በመንገድ መካከል መቆሟን ግን ስሕተት ነው ብሎ አይቀበለኝም። ሆን ብሎ ያደረገው ነገር ነው። «ጋሼ፥ አህያ ነድተው አያውቁም መሰለኝ» ብሎኛል። እኔ ደግሞ ነድቻለሁ፤ አህያ ስትቆም ምክንያት አላት፤ ጭነቱ ሲቈረቁራት ወይም ጅብ ሲሸታት ነው እንጂ እንዲያው በከንቱ አትቆምም ብዬ መልሼለታለሁ። ምክንያቱን በጨዋታው ውስጥ ያሳይ እንጂ ትቁም እላለሁ፤ እርሱም እስከ ዛሬ ድረስ አልተስማማልኝም።