ወቅታዊ ወሬና የእንግሊዝኛው ክፍል

በእንግሊዝኛ ትምህርት ሰዓት ተማሮች አሳባቸውን መግለጥ እንዲለማመዱ የሰሞኑ ወሬ መነጋገሪያ ይሁን የሚለው ምክር መልካም ነው። ነገር ግን ምክሩ መልካም ስለ ሆነ አሠራሩም መልካም ነው ማለት አይደለም። ይህን ለመመርመር መርካቶን የመሰለ ስፍራ የለም።

የመርካቶ ልጅ ሻጭና ገዢ በዋጋ ሲከራከሩ እየሰማ ያድጋል። በቀድሞው ችሎታችንም «በላ ልበልሃ» እየተባለ ከሳሽና ተከሳሽ በቃል ይፋለሙ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለው ልጅ በእንግሊዝኛው ሰዓት ዝም ቢል፣ የጐደለው ቃል እንጂ አሳብ አይደለም።

የተለመደው ስሕተት የሚከተለው ነው። አስተማሪው የሩቅ አገር ወሬ ያነብባል፤ ወዲያው «ምን ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው ስለ ነገሩ ገና መስማቱ ስለ ሆነ ከ«እስማማለሁ» በቀር የሚመልሰው አያገኝም። ይህም ማምለጫ እንጂ አስተያየት ሊባል አይችልም።

ከዚህ ይልቅ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን እንውሰድ። ስለዚህ ጉዳይ የነጋዴ ልጅ በቤቱ የሰማው ብዙ ነው። አስተማሪው በመጀመሪያ የሆነውን ከተወራው ያስለይ፤ ቀጥሎ ምክንያት መስጫና መቃወሚያ የሆኑትን የእንግሊዝኛ አነጋገሮች ያስጠና፤ በመጨረሻም አንዱን ተማሪ በአስመጪው፣ ሌላውን በደመወዝተኛው ቦታ አቁሞ ያከራክር። ማርክ የሚሰጠውም ለምክንያቱ እንጂ ለቆመበት ወገን አይሁን።

ይሁን እንጂ ቅርብ የሆነ ወሬ ሁሉ ለክፍል አይስማማም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ በተነሣው እሳት ሱቆች ተቃጥለዋል። የወላጁ ሱቅ የነደደበትን ልጅ በማግሥቱ «አስተያየትህን በእንግሊዝኛ ግለጥ» ማለት ሐዘኑን መልመጃ ማድረግ ነው። አስተማሪው ማን ከፊቱ እንደ ተቀመጠ ሳያውቅ ወሬ አይምረጥ።

«የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ብቻ ስለ ሆነ ክርክሩ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ቋንቋ «ለምን?» ብሎ መጠየቅና «አይደለም» ብሎ መቃወም ያልቻለ ተማሪ፣ ታሪኩንም ሳይንሱንም በቃሉ ከመሸምደድ በቀር ሌላ መንገድ አይኖረውም። ስለዚህ ክርክሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሳይሆን የሌላው ትምህርት ሁሉ መሠረት ነው።