ጨረቃን የካደ መጽሐፍ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ቢል ኬይሲንግ የተባለ አሜሪካዊ፥ ሰው ጨረቃን አልረገጠም የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ተማሪዎች ዛሬም ነገሩን እያነሡ መምህራኖቻቸውን ስለሚጠይቁ፥ መጽሐፉን በመናቅ ብቻ ማለፍ ተገቢ መስሎ አልታየንም።

ደራሲው የሮኬት ሞተር በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ እስከ 1963 የቴክኒክ ጽሑፎችን ያዘጋጅ እንደ ነበር እውነት ነው። ነገር ግን የለቀቀው ከ1969ኙ ጉዞ ስድስት ዓመት አስቀድሞ ነው፤ ደግሞም እኛ በመዝገብ መካከል የምንውል ሰዎች እንደምናውቀው፥ ጽሑፉን ያዘጋጀ ሁሉ የነገሩ ባለቤት አይደለም።

በፎቶግራፎቹ ላይ ከዋክብት አለመታየታቸውን እንደ ትልቅ ማስረጃ ያቀርባል። በፀሐይ የደመቀውን መሬት ለማንሣት የካሜራው ዓይን የሚከፈተው ለቅጽበት ስለ ሆነ፥ ደካማው የከዋክብት ብርሃን አይቀረጽም። ማታ በመብራት ሥር የቆመ ወዳጁን ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ይህን ያውቀዋል።

መጽሐፉ አንባቢ ያገኘው ግን በማስረጃው ብርታት አይመስለንም። የወጣው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዋተርጌት ምክንያት ሥልጣናቸውን በለቀቁ በሁለተኛው ዓመት ነበር፤ ሕዝቡ ስለ ቪየትናም ጦርነት መታለሉም በይፋ ታውቆ ነበር። የተታለለ ሰው ቢጠራጠር አንፈርድበትም። የምንፈርደው ይህን ቅያሜ ወስዶ በማስረጃ ቦታ በተካው ደራሲ ላይ ነው። አንድ መንግሥት በአንዱ ነገር መዋሸቱ በሌላው ለመዋሸቱ ምስክር አይሆንም፤ ምስክሩ ከነገሩ ከራሱ መምጣት አለበት። ከነገሩ የመጣውም ምስክር 382 ኪሎ ግራም የጨረቃ ድንጋይና አፈር ነው፤ ሶቪዬቶችም በ1970 ያለ ሰው በላኩት መሣሪያ ጥቂት አፈር አምጥተው ስለ ነበር፥ ማመሳከር የሚችል ተቀናቃኝ አልጠፋም። የአፖሎ ተጓዦች በሦስት ስፍራ የተዉአቸው መስተዋቶችም ከምድር የሚላክላቸውን የሌዘር ብርሃን እስከ ዛሬ ይመልሳሉ።