ወፍጮ የሚለው ቃል ጡረታ አልወጣም

ስልክ ገመድ ነው። ቃሉ ከዐረብኛ ሲመጣ ትርጉሙ ሽቦ ነበር፤ እኛ ግን ሽቦ የሌለውን ሽቦ ኪሳችን ከተን እንዞራለን። የ“ባቡር” ሥሩም እንፋሎት የሚል የአውሮፓ ቃል ነው፤ የዛሬው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ዘፋኝ ዩቲዩብ ላይ አልበም ሲለቅ “ካሴት አወጣ” የሚል ሰው አሁንም አይጠፋም። ፋይል “ሴቭ” የምናደርግባት ምልክትም ብዙዎቻችን በእጃችን ነክተን የማናውቃት ፍሎፒ ዲስክ ናት።

ስለነዚህ ቃላት የሚጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ሁሌ እንደ ቀልድ ነው የሚቀርቡት፦ ዕቃው ሞተ፣ ስሙ ቀረ፣ አይገርምም? እኔም እስቅ ነበር። ሳቄን ያስተወኝ “ወፍጮ ቤት” የሚለው ነው።

ጎብዬ ላይ፣ ከወልድያ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ልጅ ሆኜ ማሽላ ተሸክሜ የምላከው ወፍጮ ቤት ነበር። እዚያ የሚፈጨው ሞተር ነው። ወፍጮ ግን ድሮ ድንጋይ ነው፤ ሴት ጎንበስ ብላ በመጅ እህል የምትፈጭበት። የአያቴ ድንጋይ ጓዳ ጥግ ተቀምጦ ዕቃ ይደረደርበት ነበር።

ጦርነቱ በ2013 ክረምት ራያ ቆቦ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ነዳጅም ጠፋ። ሞተሩ ቆመ። ዕቃው ከድንጋዩ ላይ ተነሣ። ግን ለስልሶ ስለነበር እህሉን አልይዝ አለ፤ መጀመሪያ መወቀር ነበረበት። ከቤታችን ወፍጮ መውቀር የምታውቀው አያቴ ብቻ ነበረች። ቃሉ የሁላችንም አፍ ላይ ነበር፤ ሙያው ግን አንድ አሮጊት እጅ ላይ ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ ቀልደኞቹን የምተቸው ለዚህ ነው። ዕቃው አንዴ ከሄደ አይመለስም ብለው ነው የሚጀምሩት። መብራት በማይቆራረጥበት አገር ያስኬድ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን ድንጋዩ ይመለሳል፣ ሲመለስም የሚጎነበሰው የሴት ወገብ ነው። የድሮውን የሚናፍቁትም አያሳምኑኝም፤ እናቴ በእነዚያ ወራት ወገቧን ይዛ ስታቃስት አይቻለሁ፣ ናፍቆት አልነበረም።

መብራት ሲመጣ ማሽላዋን ይዛ ወፍጮ ቤት የሮጠችው እሷ ናት። ድንጋዩን ግን ከጓዳ አላወጣችውም። ዕቃም አልደረደረችበትም።