ለጀማሪ የሚሆን የፕሮግራም አጻጻፍ መጽሐፍ፤ ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋ ትምህርት ቤቶች አንጻር

አንድ ተማሪ የፕሮግራም አጻጻፍ መጽሐፍ ከፍቶ የመጀመሪያውን ምሳሌ እንደ ተጻፈው በኮምፒዩተሩ ላይ ሲጽፍ ማሽኑ ስሕተት አለበት ብሎ ቢመልስለት፣ ጥፋቱን የሚያሸክመው መጽሐፉን ሳይሆን ራሱን ነው። በደባርቅ ወይም በዳባት በኩል፣ የሚያርመው ሌላ ባለሙያ በአጠገቡ በማይኖርበት ስፍራ፣ ይህ በራስ ላይ የሚሰጥ ፍርድ በቀላሉ አይሻርም። የመጽሐፍ ምርጫ ለግዢ ክፍል ብቻ የሚተው ጉዳይ ያልሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

የኢንተርኔት ትምህርት መጽሐፍን ተክቷል የሚሉ አሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚያስታውስ ዕቅድ አውጪ፣ የታተመውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ለማውረድ አይቸኩልም።

በስጦታም ሆነ በግዢ በሚገኝ መጽሐፍ ላይ በቅድሚያ መታየት ያለበት የኅትመት ዘመኑ ነው። የሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ደንብ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት በታተሙ መጻሕፍት ያሉ ብዙ ምሳሌዎች ዛሬ ባሉ ኮምፓይለሮች እንደ ተጻፉ አይሠሩም። ፓይተንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የወጣው ሦስተኛው ፓይተን፣ ቀድሞ ያለ ቅንፍ ይጻፍ የነበረውን የፕሪንት ትእዛዝ ያለ ቅንፍ አይቀበልም። የሁለተኛው ፓይተን ድጋፍም እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ ተቋርጧል። በአንዲት ቅንፍ ምክንያት ተስፋ የሚቆርጥ ተማሪ መኖሩ የሚያሳዝን ነው።

ከዘመን ቀጥሎ የሚያሳስተው ዝና ነው። ከርኒጋንና ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ሲ ቋንቋ ያሳተሙት መጽሐፍ በአጭርነቱና በጥራቱ እስከ ዛሬ ይመሰገናል። ደራስያኑ ግን ፕሮግራም አጻጻፍን ከሥር ለሚጀምር ሰው እንዳላዘጋጁት በመቅድማቸው አስታውቀዋል። መቅድም ሳያነቡ መጽሐፍ የሚመርጡ ሰዎች ግን አይጠፉም።

የአለን ዳውኒ «ቲንክ ፓይተን» ለጀማሪ ይበልጥ የቀረበ ነው። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል፤ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ እትም በሁለተኛው፣ የ2015ቱ ደግሞ በሦስተኛው ፓይተን የተጻፉ ናቸውና ርእሱ አንድ መሆኑ አያታልል። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ በየመጨረሻቸውም ስሕተትን ስለ መፈለግ የሚያስተምር ክፍልና የቃላት መፍቻ አለ። ብቻውን ለሚማር ሰው ስሕተት የሥራው ክፍል እንጂ የስንፍና ምልክት አለመሆኑን የሚያስረዳው ይህ ነው፤ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠውም ክፍል ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ጉድለቱ ሌላ ነው። ራሱን መልሶ የሚጠራ ፈንክሽንን የሚያስተምረው፣ ስለ ድግግሞሽ በስፋት ከሚተነትነው ምዕራፍ በፊት ነው። ዘጠነኛው ምዕራፍ ደግሞ ከ113 ሺህ በላይ የእንግሊዝኛ ቃላት በያዘ ዝርዝር ላይ የተመሠረተ የቃላት ጨዋታ ነው። እንግሊዝኛን በክፍል ውስጥ ብቻ የሚያገኘው የደጋ ተማሪ እዚህ ቢሰናከል ያሰናከለው ቋንቋው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም።

የአል ስዋይጋርት «አውቶሜት ዘ ቦሪንግ ስታፍ» አነጋገሩ ይበልጥ ቀላል ነው። ሁለተኛው አጋማሹ ግን ድረ ገጽ መቃኘትንና ኢሜይል መላክን የሚያስተምር በመሆኑ የማይቋረጥ መስመር ይሻል። ስለ ተመን ሉሆች የሚናገረው ምዕራፍ ለትምህርት ቤት የውጤት መዝገብ ስለሚጠቅም ከዚህ ትችት ውጪ ነው።

ሁለቱም መጻሕፍት የሚጎድላቸው፣ ተማሪው በእጁ አስልቶ የሚያውቀው ጥያቄ ነው። በውጭ መጻሕፍት የተለመደው የዘመን መልመጃ በ100 እና በ400 የሚካፈሉ ዓመታትን የሚለይ የአውሮፓ ሕግ ነው። የእኛው ከዚህ ይቀላል፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ባሕረ ሐሳብም ገና በጎንደር ጉባኤ ቤቶች ሲሰላ የኖረ ቅደም ተከተል ነው። ለ2018 ዓ.ም. 5500 ሲደመር 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል ትርፉ ተትቶ 1879 ይገኛል። ሁለቱ ተደምረው 9397፣ ለ7 ሲካፈል የሚተርፈው 3 ነው። ባዶ ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ እየተባለ ሲቆጠር 3 ሐሙስ ላይ ይውላል፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የዋለውም ሐሙስ ነበር። ማካፈል፣ ቀሪ መያዝና በቀሪው መሠረት መምረጥ የጀማሪ ፕሮግራም ዋና መሣሪያዎች ናቸው። መልሱ ስሕተት ቢሆን ተማሪው በወረቀት አስልቶ ጥፋቱ የት መስመር ላይ እንዳለ ያገኘዋል። ትምህርቱ የሒሳብ ስለ ሆነ በመንግሥት ትምህርት ቤት መሰጠቱ የሃይማኖት ጥያቄ የሚያስነሣ አይመስልም፤ ያም ሆኖ የጳጉሜኑ መልመጃ ብቻውን ይበቃል የሚል መምህር ቢኖር አይነቀፍም።

የዳውኒ መጽሐፍ ምንጩ ተጠቅሶ፣ ለንግድ እስካልሆነ ድረስ እንዲባዛና እንዲተረጎም የሚፈቅድ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ይህን ፈቃድ ተጠቅመው የመጀመሪያዎቹን ሰባት ምዕራፎች ከእነ ቃላት መፍቻቸው በአማርኛ ቢያዘጋጁ፣ ዘጠነኛውን ትተው በምትኩ የዘመን አቆጣጠሩን መልመጃ ቢያስገቡ፣ ለአዲስ ግዢ ከሚወጣው ገንዘብ ባነሰ ወጪ ለደጋው ክፍል የሚስማማ መጽሐፍ ይገኛል።