የወደቀ ቀንድ እንዴት ይነበባል?

ጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር ካርሎ ጊንዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ስለ ፍንጭ የሚያወራ ድርሰት አለው። ሐሳቡ ባጭሩ ይኼ ነው፦ ሰው ፊደል ከመቁጠሩ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ማንበብ ይችል ነበር። አዳኝ ኮቴውን፣ የተሰበረውን ቅርንጫፍ፣ ፋንድያውን አይቶ «እዚህ ጋ እንዲህ ሆኗል» ማለት ይችላል። ምናልባት ተረክ የተጀመረውም ከዚያ ነው ይለናል። ከአዳኙ ተነስቶም ሠዓሊን በጆሮና በጥፍር አሳሳሉ ወደሚለየው ጆቫኒ ሞሬሊ፣ ወደ ሸርሎክ ሆምስ፣ ወደ ፍሮይድ ይወስደናል።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ድርሰቱ በጣም ይጥማል። የሥራችን ግማሹ እኮ ሎግ ማንበብ ነው፤ ሲስተሙ ከወደቀ በኋላ እንደርስና ከቀሩት መስመሮች ታሪኩን እንገጣጥማለን። ግን ድርሰቱ አንድ ነገር ይጎድለዋል ባይ ነኝ። ጉድለቱ ደግሞ በደንብ የሚታየው እሱ ራሱ በመረጠው ቦታ፣ ጫካ ውስጥ ነው።

የሰሜን አሜሪካ አዳኞች «ስካውቲንግ» የሚሉት ነገር አለ። የአደን ወቅት ሲያልቅ ጠመንጃውን ቤት ትቶ ጫካውን ማየት ነው። እዚያ ክረምት ሲባል የእኛ ዝናብና ጭቃ አይደለም፤ ቅጠሉ ረግፎ ጫካው ራቁቱን የሚቀርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በሌላ ጊዜ የተሸፈነው ሁሉ ይታያል፤ አጋዘኖች ደጋግመው የሄዱበት ቀጭን መንገድ፣ በረዶው ላይ የተኙበት ሞላላ ጎድጓዳ፣ ወንዱ ከወራት በፊት ቀንዱን ያሸበት የተላጠ ግንድ። የተላጠው በየት በኩል እንደሆነ ያየ ሰው ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይገምታል። እስከዚህ ድረስ ጊንዝበርግ ልክ ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው መሬት ላይ ቀንድ ሲገኝ ነው። ባለ ነጭ ጭራው አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፤ ብዙ ጊዜ ከዲሴምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ቴስቶስቴሮኑ ይቀንሳል፣ ቀንዱን ከራስ ቅሉ ጋር ያያያዘው አጥንት ይሳሳል፣ ከዚያ በቃ፣ ይወድቃል። በጸደይ ሌላ ማብቀል ይጀምራል።

እዚህ ጋ አማርኛችን ይቸገራል። ይኼ የእንስሳ ቤተሰብ በተፈጥሮው እኛ አገር የለም፤ በአፍሪካ የሚገኘውም በሰሜኑ ጫፍ ብቻ ነው። እኛ «አጋዘን» የምንለው ሌላ ነው። አሥር ሳንቲም ላይ ያለው፣ የባሌው ደጋ አጋዘን፣ የሚመደበው ከበሬና ከፍየል ቤተሰብ ነው፤ ቀንዱ አብሮት ያድጋል፣ አብሮት ይሞታል። ለሁለቱም ግን ያለን ቃል አንድ ነው፤ «ቀንድ»።

ባለፈው ፌብሩዋሪ ሚኔሶታ ውስጥ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ያገኘነውን ቀንድ ፎቶ ለእናቴ ላክሁላት። «ውይ ምስኪን! ምን በላው?» አለችኝ። «አልሞተም እማዬ፣ ጥሎት ሄዶ ነው» ስላት ለመቀበል ጊዜ ወሰደባት። እናቴ ጥሩ አንባቢ ናት። እሷ በምታውቀው ዓለም መሬት ላይ ያለ ቀንድ መርዶ ነው። እዚያ ጫካ ግን ተቃራኒው ነው፤ አጋዘኑ የአደኑን ወቅት በሕይወት ማለፉን የሚናገር መልእክት ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ቀንዱን ገልብጦ ሥሩን በማየት ነው። ሥሩ ሻካራና ክብ ከሆነ በራሱ ጊዜ ወድቋል፤ የራስ ቅል ስባሪ ከያዘ ግን ባለቤቱ ሞቷል።

የጊንዝበርግ አዳኝ ይኼን ማንበብ የሚችል አይመስለኝም። በድርሰቱ ውስጥ ፍንጭ የሚተው ሁሉ ከሞላ ጎደል የሚፈለግ ነው፤ ታዳኙ፣ ወንጀለኛው፣ የተደበቀው በሽታ። ማንበብ ማለት ማሳደድ ይሆናል። የወደቀ ቀንድ ግን ማንንም አያስይዝም። በእኛ ሙያ ሰርቨሮች በየተወሰነ ሰከንድ «አለሁ» ለማለት ብቻ የሚልኩት ምልክት አለ፤ «የልብ ምት» እንለዋለን። ቀንዱ ከዚያ ዓይነት ነው። የሚመሰክረውም እስከ ወደቀበት ቀን ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ረሃቡ የሚከፋባቸው ሳምንታት አሉ።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚሁ ይመጣል። በድርሰቱ ውስጥ አንባቢው የሚያነበውን አይጎዳም። ጫካ ውስጥ ግን ይጎዳል። በብርድ ወራት አጋዘን የሚኖረው ያጠራቀመውን ስብ እየቆጠበ ነው፤ ቀንድ ፈላጊ ከተኛበት ባስነሳው ቁጥር ከዚያ ስብ ይቀነሳል። ዋዮሚንግ በምዕራባዊ ክፍሏ ባለው የሕዝብ መሬት ላይ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ቀንድ መልቀምን የከለከለችው ለዚህ ነው። ቀንዱን ቶሎ ካልወሰዱት አይጥና ሽኮኮ ለካልሲየሙ ሲሉ ይቆረጥሙታል፤ ሕጉ ግን ይቆርጠም ይላል።

ይኼ ለእኛ ለመጽሐፍ አንባቢዎችም ይሠራል። አንድ ገጣሚ የድሮ አጻጻፉን ሲተው፣ ወይ ሁለት ሦስት ዓመት ዝም ሲል «አለቀለት» ለማለት እንፈጥናለን። ከዚያ ምክንያት ፍለጋ ኑሮውንና ገጹን እንበረብራለን። የጊንዝበርግ ድርሰት ይኼን ልማድ ብልህነት ያስመስለዋል። ድርሰቱን አንብቡት፤ ከፍንጭ ወደ ታሪክ እንዴት እንደሚኬድ ከእሱ በላይ ያሳየኝ የለም። ግን የተጣለ ነገር ስታገኙ ባለቤቱን ለማሳደድ ከመነሳታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ሥሩን እዩት።